ምላስህን ለችሎቱ አቆየው

«ይቅርታ ብዬ ብለምናቸው ይተዉኛል» ትለኛለህ።

አይተዉህም። ይጽፉታል።

አገር ቤት ሽማግሌ ፊት ቆመህ «አጥፍቻለሁ» ካልክ የነገሩ ወገብ ተሰበረ ማለት ነው። ተበዳዩ «ስለ እግዚአብሔር ብዬ ትቻለሁ» ይላል፤ ተያይዛችሁ ትነሳላችሁ። እዚህ እስራኤል፣ አሽዶድ ፖሊስ ጣቢያ፣ መርማሪው ፊት፣ ያው ቃል ሌላ ሥራ ይሠራል። ለጨዋነት ያወጣሃት «ይቅርታ» በዕብራይስጥ ትጻፋለች፤ ከሥሯ ፊርማህ ይቀመጣል። ከወራት በኋላ በዐቃቤ ሕጉ አፍ ትመለሳለች፦ «ተከሳሹ በምርመራ ጊዜ አምኗል።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ወደቡ ላይ ፈረቃ ጨርሰው የሚቀመጡ ወንዶች፣ ቡና ያፈሉ እናቶች፣ ለቅሶ ቤት የተሰበሰቡ ዘመዶች፣ የሰው ልጅ ተከሰሰ ሲባል ሁሉም ምክር አለው። ምክሩ ከልብ ነው። ግማሹ ግን ልጁን ይበልጥ ያሳስረዋል። ስለዚህ ዛሬ ለምክሮቹ መልስ አለኝ፤ አንዳንዱን በአጭሩ፣ አንዳንዱን ቁጭ ብዬ።

«ዝም አይነቅዝም። አፍህን ዘግተህ ውጣ።»

እዚህ ዝምታም ይነቅዛል። መርማሪው ከመጠየቁ በፊት ሊነግርህ የሚገባው ነገር አለ፦ ያለመናገር መብት አለህ፤ የተናገርከው ማስረጃ ሊሆንብህ ይችላል፤ አለመመለስህም የቀረበብህን ማስረጃ ሊያጠናክር ይችላል። ሦስቱን አንድ ላይ ስማቸው። የመጀመሪያዋን ብቻ ይዞ የሚሮጥ ሰው ሦስተኛዋ ችሎት ላይ ትጠብቀዋለች። እንግዲህ ልናገር ወይስ ዝም ልበል የሚለውን ብቻህን አትወስንም። መጀመሪያ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «ጠበቃ ላማክር።»

«ጠበቃ የጠራማ ጥፋተኛ ነው ይሉኛል።»

ጠበቃ ያልጠራ ብቻውን የተጠየቀ ነው።

«የመንግሥቱ ጠበቃ የመንግሥት ነው። ከከሳሹ ጋር ከአንድ ማዕድ ይበላል።»

ደመወዙ ከየት እንደሚመጣ አትይ፤ በየቀኑ ማንን እንደሚሞግት እይ። ሳኔጎሪያ ጺቡሪት የሚባለው የተከላካይ ጠበቆች መሥሪያ ቤት በ1995 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ነው። ሥራው ፖሊስ ያቀረበውን መዝገብ መበርበር፣ ምስክሩን በመስቀለኛ ጥያቄ መያዝ፣ ዐቃቤ ሕጉን መቃወም ነው። ስለ እስር ቤቶች አያያዝ መንግሥትን የሚወቅስ ዘገባ የሚያወጣውም ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ተከሳሽ፣ ተይዞ ያለ ሰው፣ ዐቃቤ ሕግ እስራት እጠይቅበታለሁ ያለው ሰው፣ አቅም የሌለው ሰው ጠበቃ ከዚያ ያገኛል። አጎትህ ተበድሮ የሚያመጣልህ ውድ ጠበቃ እስኪገኝ ድረስ ያለ ማንም መጠየቅ ትልቁ ኪሳራ ነው። ከጠበቃው ጋር ካልተግባባህ ተናገር፤ የማይገባህ ነገር ካለ ደግመህ ጠይቀው። እሱም የሚሠራው አንተ በነገርከው ነው።

«ዕብራይስጥማ እችላለሁ። ሱፐር ሄጄ እገዛለሁ፣ አውቶቡስ ላይ እነጋገራለሁ።»

በሱፐር ዕብራይስጥ ብትሳሳት ያልፈለግከው ዳቦ ይመጣል። በምርመራ ክፍል ዕብራይስጥ ብትሳሳት ያልፈለግከው ዓመት ይመጣል። «መታሁት» እና «ገፋሁት» በክስ ወረቀት ላይ ጎረቤት አይደሉም። «እዚያ ነበርኩ» እና «ከነሱ ጋር ነበርኩ» ሌላ ሌላ ናቸው። በ2002 የወጣው የተጠርጣሪዎች ምርመራ ሕግ ምርመራው በተጠርጣሪው በራሱ ቋንቋ ወይም በሚረዳውና በሚናገረው ቋንቋ እንዲካሄድ፣ በዚያው ቋንቋም እንዲመዘገብ ያዛል። ከባድ በሆኑት፣ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጡ ወንጀሎች ደግሞ ምርመራው በምስል ይቀረጻል። ፍርድ ቤት ስትገባም ተከሳሹ ዕብራይስጥ እንደማይችል ከታወቀ አስተርጓሚ መመደብ የችሎቱ ግዴታ ነው። ይህ ውለታ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት እንኳ በአንቀጽ 20 ችሎቱ በማይረዱት ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብ ይላል። እዚያም መብትህ ነበር፤ እዚህም መብትህ ነው።

ትግርኛ ተናጋሪ ሆነህ የአማርኛ አስተርጓሚ ከመጣ ዝም ብለህ አትነቅንቅ። አስተርጓሚው ያሳጠረብህ ከመሰለህ እጅህን አንሣና በአማርኛም ቢሆን «አልገባኝም» በል። የኛ ሰው ለዳኛ ክብር ሲል ራሱን ይነቀንቃል። ዳኛው ያንን ንቅናቄ «ተረድቻለሁ» ብሎ ያነበዋል፤ መዝገቡም እንዲሁ ይጽፈዋል።

«ልጄ ያስተረጉምልኛል፤ እዚህ ነው የተማረው።»

ልጅዎን አያስገቡት እትዬ። የ12 ዓመት ልጅ የአባቱን ክስ ሲያስተረጉም ምን እንደሚያሳጥር፣ ከእፍረት ምን እንደሚውጥ እናውቃለን። በዶክተር ቤት፣ በባንክ፣ በማዘጋጃ ቤት ይህን ሸክም ተሸክሞ ያደገ ትውልድ አለን። ቢያንስ ከወንጀል ችሎት ይረፍ። አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ እስኪመጣ ይቆዩ። ቀጠሮ ቢሻገርም ይሻገር።

«ፈርም አሉኝ፣ ፈረምኩ። ወረቀት ነው።»

ቃልህ ነው። በምታውቀው ቋንቋ ሳይነበብልህ ያልገባህን ወረቀት አትፈርም። ስህተት ካለበት ይታረም በል። አይታረምም ካሉህ አለመፈረም ትችላለህ፤ ለምን እንዳልፈረምክም እንዲጽፉ ጠይቅ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለጎረምሶቹ ነው። አባቶቻችን በላ ልበልሃ ሲሟገቱ ያደጉ ናቸው። ነጠላ አደግድጎ፣ ዘንግ ይዞ፣ በቅኔና በምሳሌ ባላጋራውን መድረሻ የሚያሳጣ ሰው ተረታ አይባልም ነበር። ያ ምላስ በደማችሁ አለ፤ በየጎዳናው ተረብ ስትጣሉ እሰማችኋለሁ፣ ደስም ይለኛል። ከፖሊስ ጋር ግን አትሞካከሩበት። አሽዶድ ውስጥ ነገር የሚረታው በፈጣን መልስ አይደለም። ብይን የሚሰጥ የሕዝብ ሸንጎ በእስራኤል የለም። ቤት ሚሽፓት ሃሻሎም በሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ውስጥ ፊትህ ያለው አንድ ዳኛና ቃሉን ሁሉ የሚይዝ መዝገብ ነው። መዝገቡ ፊትህን አያይም፣ የድምፅህን ቃና አይሰማም። «እሺ ምን ታደርገኛለህ?» ብለህ የቀለድክባት ተረብ ነገ ከነቁጣዋ የምትነበብ ዛቻ ናት።

«ምን አደረግኩና መታወቂያ ልስጥ? አልሰጥም!»

ስጥ። ስጥና የፖሊሱን ስም ያዝ፣ የመለያ ቁጥሩን ያዝ፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፍ። ክርክሩ በኋላ ይመጣል፤ ከመንገዱ በተሻለ ቦታም ይካሄዳል። በ2021 ጠበቃ የተባለው ማኅበራችን ባቀረበው አቤቱታ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፖሊስ ያለ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሰው አስቁሞ መታወቂያ እንዲጠይቅ የሚፈቅደውን መመሪያ ከሥልጣን ውጭ ነው ብሎታል። ይህ ፍርድ የተገኘው በአደባባይ በመሰዳደብ አልነበረም። ሕግ በሚያውቁ ሰዎች፣ በወረቀት፣ በትዕግሥት ነው። አንተ አደባባይ ላይ ብትጮህ ግን ነገሩ ከመታወቂያ ይወጣና ፖሊስን ማደናቀፍ፣ የመንግሥት ሠራተኛን መስደብ፣ ካልተጠነቀቅክም ፖሊስን መምታት ይሆናል። የብዙ ልጆቻችን መዝገብ የሚጀምረው ከምንም ነው፤ የሚያልቀው በእነዚህ ሦስት ክሶች ነው።

«እንዲያው ነው የምታወራው፤ ፖሊስ በቆዳ ቀለም አይመርጥም» የሚለኝም አለ።

ለዚህ እኔ አልመልስም፤ የመንግሥት ሰነድ ይመልስ። በ2016 የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ሥራ አስኪያጅ ኤሚ ፓልሞር የመሩት ኮሚቴ በትውልደ ኢትዮጵያውያን ላይ የሚደረገውን ዘረኝነትና ከልክ ያለፈ የፖሊስ ክትትል አምኖ ሪፖርት አቅርቧል። በዚያው ዓመት የፖሊስ አዛዡ ሮኒ አልሼይኽ ራሳቸው በጠበቆች ጉባኤ ላይ ኢትዮጵያዊ ወጣት ከሌላው የበለጠ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ ነው ብለው አገር ጉድ አለ። ስለዚህ ልጄ ተቆጥቶ ሲመጣ «ዝም በል፣ የአንተ ጥፋት ነው» አልለውም። ቁጣው ቦታ አለው። ቦታው ግን ፍርድ ቤት፣ ቀጥሎም በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር የፖሊሶችን ጥፋት የሚመረምረው መሐሽ ነው።

«ያዙት እኮ! እስከ መቼ ይይዙታል?»

አዋቂ ከሆነ 24 ሰዓት ሳይሞላ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት፤ ሰንበትና በዓል የራሳቸው ድንጋጌ አላቸው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት 48 ሰዓት ነው የምናውቀው፤ እዚህ አጭር ነው። ዳኛው የጊዜ ቀጠሮ ሊሰጥ ይችላል። በአንድ ጊዜ ከ15 ቀን አይበልጥም፤ ተደምሮ ከ30 ቀን ካለፈ የመንግሥቱ ሕግ አማካሪ ይሁንታ ያስፈልጋል። ዳኛው ቀጠሮ ሰጠ ማለት ፈረደ ማለት አይደለም። በዚያ ቀን የሚመረመረው ጥርጣሬ አለ ወይ፣ ቢፈታ አደገኛ ነው ወይ፣ ምስክር ያበላሻል ወይ፣ ይጠፋል ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ በዚያች ቀን ችሎት ውስጥ እያለቀሳችሁ ልጁ ጨዋ መሆኑን ለመመስከር አትቸኩሉ። የሚጠቅመው ሌላ ነው፦ አድራሻው የት ነው፣ የሚሠራው የት ነው፣ ማን ቤት ይቆያል፣ ማን ይጠብቀዋል።

እዚህ ላይ ለእናቶች ረዘም አድርጌ ልናገር። ክሱ ከቀረበ በኋላ ዐቃቤ ሕግ ፍርዱ እስኪያልቅ ይታሰር ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ያ ከሆነ ፍርዱ ካልተጠናቀቀ የሚፈቀደው እስር 9 ወር ነው፤ ከዚያ በላይ ለማራዘም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መወሰን አለበት። የጠበቃው ጥረት ልጁ በቤት ውስጥ እስር እንዲሆን ማድረግ ነው። ቤት ውስጥ እስር ደግሞ ተቆጣጣሪ ይፈልጋል፤ ተቆጣጣሪዋ ብዙ ጊዜ እናት ናት። ዳኛ ፊት ትቆምና ትጠየቃለች። «ልጅሽ ከቤት ቢወጣ ምን ታደርጊያለሽ?» ይሏታል። የኛ እናት «አይወጣም፣ ልጄን አውቀዋለሁ» ትላለች። ያ መልስ አያልፍም። «ፖሊስ ትጠሪያለሽ ወይ?» ብለው ይደግሙታል። በዚህ ጊዜ የእናት ልብ ይቆማል። በራሷ ልጅ ላይ ፖሊስ መጥራት! በዚህ ጥያቄ ፊት የምትደነግጥ እናት ልጇ ወደ እስር ቤት ሲመለስ ታያለች። ከመግባቷ በፊት ጠበቃው በአስተርጓሚ ቁጭ ብሎ ሊያስረዳት ይገባል፦ «እጠራለሁ» ማለት ልጅሽን አሳልፎ መስጠት አይደለም፤ ከእስር ቤት አውጥተሽ ቤትሽ ማኖር ነው። ይህን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ችሎት ውስጥ መስማት የለባትም። ደግሞም እውነቱን ትናገር፤ ሌሊት ሥራ የምትሄድ ከሆነ ትናገር፣ ሌላ ዘመድ ይጨመር። ባዶ ቤት ተገኝቶ ከሚሰበር ቃል ይልቅ ሁለት አክስቶች ተራ ቢጠብቁ ይሻላል።

«ልጁ ጎርምሷል፤ ራሱ ይመልስ።»

አይመልስም። ያልታሰረ ከ18 ዓመት በታች ተጠርጣሪ ሲመረመር ወላጅ መገኘት መብቱ ነው፤ ለወላጅም ሊነገር ይገባል። ሌሊት ልጅን መመርመርም በመርሕ ደረጃ የተከለከለ ነው። ከሌሊቱ ስንት ሰዓት ጠሩት? እርስዎስ መቼ ሰሙ? ይጻፉት። የልጆች ችሎት በዝግ ነው የሚካሄደው፤ ስለ ስም መጥፋት ብለው አይቅሩ።

«ዛሬ ፍርድ ቤት ነኝ፤ ዛሬ ይለይልኛል።»

ዛሬ አይለይልህም። የመጀመሪያው ቀን ሃክራኣ ነው፤ ክሱ ይነበብልሃል፣ ከዚያ የእምነት ክህደት ቃልህን ትሰጣለህ። ምስክር አይሰማም። አገር ጎረቤት ሰብስበህ አትምጣ፤ ሥራ ያላቸውን ከሥራ አታስቀር። ከዚያ የማስረጃ ቀናት አሉ፣ የመደምደሚያ ክርክር አለ፣ የጥፋተኝነት ብይን አለ፣ ቅጣቱም ለብቻው ይሰማል። ወራት ነው፤ አንዳንዴ ከዓመት ያልፋል። ከጥፋቱ ነጻ ከወጣህ ግን ዳኛው ያንን ከብይኑ መጀመሪያ ላይ መናገር አለበት፤ ሕጉ እያንቀጠቀጠ እንዲያስቀምጥህ አይፈቅድም።

«መካድ ነውር ነው። ያደረገ ሰው ያምናል።»

ችሎት ላይ «አልቀበልም» ማለት መዋሸት አይደለም። «አስረዱ» ማለት ነው። ማስረዳት የከሳሽ ሸክም ነው። ክሱ አምስት ነገር ይላል፣ አንተ አንዱን አድርገሃል፤ አምስቱን አመንክ ማለት አራቱን በራስህ ላይ ጨመርክ ማለት ነው። ጠበቃህ የምርመራውን መዝገብ አይቶ አንዱን አምነህ አራቱን ለማሠረዝ ይደራደር። ሄስዴር ቲኡን ይሉታል። እሱንም ቢሆን ሳይገባህ አትቀበል፤ ዳኛው በስምምነቱ እንደማይገደድ አስቀድመህ ማወቅ አለብህ። ለክሱ ጭራሽ አልመልስም ብለህ መዘጋትም አይጠቅምም፤ ፖሊስ ጣቢያ የያዝከው ምላስ ችሎት ላይ በጠበቃህ በኩል መፈታት አለበት። ለዳኛ ነበር ያቆየኸው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ካሜራ ካለ። በሆሎን በ2015 ወታደሩ ዳማስ ፓካዳ በፖሊስ ሲመታ፣ መጀመሪያ ተጠርጣሪ ተደርጎ የተያዘው እሱ ነበር። ነገሩን የገለበጠው የደኅንነት ካሜራ ምስል ነው። ከዚያ በኋላ ነው አገር ሁሉ አደባባይ የወጣው። ካሜራው ባይኖርስ? እውነቱ ያው እውነት ነበር፤ መዝገቡ ግን ሌላ ይል ነበር። ስለዚህ ነገሩ በተፈጠረ ቀን ማግሥት ሩጥ፦ የሱቁ ካሜራ፣ የሕንፃው መግቢያ፣ የአውቶቡስ መቆሚያው፣ ወደ ወደቡ የሚወስደው መንገድ። ብዙዎቹ ካሜራዎች በራሳቸው ላይ ደግመው ይቀርጻሉ፤ ወር ቆይተህ ብትጠይቅ የምታገኘው ባዶ ነው። ያየ ሰው ካለ ስልክ ቁጥሩን አሁኑኑ ውሰድ። ንጋት በራሱ ይመጣል፤ ማስረጃ አምጪ ይፈልጋል።

«ደብዳቤ መጣ፣ ዕብራይስጥ ነው፣ ቡፌው ላይ አስቀመጥኩት።»

አንሳው! በከባድ ወንጀል ክስ ከመመሥረቱ በፊት ተጠርጣሪው «ክስ አትመሥርቱብኝ» ብሎ ምክንያቱን እንዲያቀርብ በተመዘገበ ፖስታ ይነገረዋል፤ 30 ቀን አለው። በእነዚያ 30 ቀናት በጠበቃ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ጭራሽ ወደ ችሎት እንዳትደርስ ሊያደርግህ ይችላል። ቡፌ ላይ ካረጀ ግን ክሱ ይከፈታል። መጥሪያ ሆኖ ሳትቀርብ ብትቀር ደግሞ ተይዘህ እንድትቀርብ ትእዛዝ ይወጣል፤ ልጆችህ ፊት በር ይንኳኳል። ሁሉ ፖስታ ይከፈት፣ ሁሉ ፖስታ ይነበብ።

«ያቺ ከአመክሮ አገልግሎት የመጣችው የቤታችንን ገመና ትጠይቃለች። ምን ዕዳዬ ነው?»

ጋሼ፣ እርሷ የምትጽፈው ታስኪር ቅጣቱን የሚወስነው ዳኛ ስለ ልጅዎ የሚያነበው ዋናው ገጽ ነው። ዳኛው ልጅዎ ወታደር መሆኑን፣ ወደቡ ላይ ለእናቱ የቤት ኪራይ ለመክፈል እንደሚሠራ፣ እርስዎ አባቱ እንደታመሙ የሚያውቀው ከዚያ ነው። «ሁሉ ደኅና ነው፣ ችግር የለም» ብለው ከሸኟት ገጹ ባዶ ይመጣል። ባዶ ገጽ ደግሞ ለማንም አይራራም። ጥሩ ታስኪር ከጥፋተኝነት ውሳኔ ይልቅ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሊያስገኝ ይችላል፤ እስከ 9 ወር የሆነ እስራትም በሥራ እንዲፈጸም ሊያደርግ ይችላል። ገመናን መሸፈን ትልቅ ባሕላችን ነው፤ ለዚህች ሴት ግን ይክፈቱት።

«መዝገቡ ተዘጋ፤ ተገላገልን!»

በምን ምክንያት ተዘጋ? ጠይቅ። ማስረጃ በማነሱ የተዘጋ መዝገብ በፖሊስ ዘንድ ይቆያል፤ ልጁ ውትድርና ሲገባ ወይም ሥራ ሲፈልግ ጥላው ሊከተለው ይችላል። ጥፋት አለመኖሩ ታውቆ የተዘጋ ግን ይሰረዛል። የመዝጊያው ምክንያት እንዲቀየር ማመልከት ይቻላል።

«ተፈረደብኝ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

ዳኛው ንጉሥ አይደለም፤ ከሱ በላይ ቤርሸባ የአውራጃው ፍርድ ቤት አለ። ይግባኝ ለማለት 45 ቀን አለህ። ዛሬ ስንተኛው ቀን ነው?